ሪሞቱ ዝም ሲል

የጥርስ ሐኪሙ አማቱን ይፈራ ነበር። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶም አያውቅም። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሊፍት ሲጠግኑ የኖሩ ሴት ናቸው፤ አንድን ነገር ሲያዩ መጀመሪያ የሚታያቸው መቼ እንደሚበጠስ ነው። በሠርጉ ዕለት እንኳ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሙሽሮቹ ላይ ሲጥል፣ እሳቸው አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው የአዳራሹን ትልቅ መብራት የተሸከመውን ሰንሰለት ሲመረምሩ ዋሉ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ገመድ» ነበር የሚሏቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ለዓይን ሕክምና ብለው ልጃቸው ቤት ለአንድ ወር መጡ። ሁለት ሳምንት አለፈ። አማችና አማት ግን «እንዴት አደሩ» እና «ደህና እደር» ከመባባል ያለፈ ወሬ አላገኙም።

ሐኪሙ ከክሊኒክ ሲመለስ ጋራዡ ውስጥ ይገባል፤ ከገባም አይወጣም። መኪናው ውጭ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቅበታል፤ ጋራዡን የያዘው ሁለት ሜትር የሚረዝም ቀይ የሞዴል ጄት ነው። ሁለት ዓመት ሠርቶታል። ክንፉን በገዛ እጁ አለስልሶታል፤ ቀለሙን ሦስት ጊዜ ቀብቶ ሁለቴ አልወደደውምና ፍቆ ጥሎታል። ሆዱ ውስጥ ያለችው ሞተር ከሻይ ፔርሙዝ አትበልጥም፤ ነገር ግን የእውነት የጄት ሞተር ናት። ከፊት አየር ትስባለች፣ ነጭ ጋዝ ታቃጥላለች፣ እሳቱን ከኋላ ትተፋለች፤ ሙሉ ኃይሏን ስትሰጥ በደቂቃ መቶ ሃያ ሺህ ጊዜ ትሽከረከራለች። ለሐኪሙ «መጫወቻህ እንዴት ነው?» ያለ ሰው፣ ያን ሳምንት ጥርሱን ባይታመም ይሻለዋል።

ቅዳሜ የሞዴል አውሮፕላን ክበቡ ትርኢት ነበር፤ ቀዩ ጄት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የሚበርበት ቀን። ክበቡ ደግሞ አንድ የማያወላዳ ሕግ አለው፦ ማንኛውም ጄት፣ ሪሞቱ ዝም ካለ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ሞተሩ በራሱ መጥፋት አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አብራሪው መሬት ላይ ቆሞ በሪሞት ያዝዛል፣ ጄቱ ሰማይ ላይ ሆኖ ይታዘዛል። የሪሞቱ ባትሪ ቢያልቅ ወይም ትእዛዙ መንገድ ላይ ቢቋረጥ፣ ሆዱን በነዳጅ የሞላ ነገር በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎሜትር እየበረረ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። ትእዛዝ ሲጠፋ እሳቱም ይጥፋ ነው ነገሩ። ይህን የሚፈትሸው የክበቡ መርማሪ በጡረታ ላይ ያለ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ሲሆን፣ ቅጹን ይዞ ሲመጣ በልመናም በሳቅም የማይበገር ሰው ነው።

ሐሙስ ክሊኒኩ ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው። ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ጄቱን ግቢው መሐል አወጣና ጭራውን መሬት ውስጥ በተቀበረ የብረት ምሰሶ ላይ በወፍራም ገመድ አሰረው። ሚስቱ የእሳት ማጥፊያውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ጎን ቆመች።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው።

«ለቅዳሜው ፍተሻ ልምምድ ነው እንጂ ሁሉንም አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ» አለ። «ሞተሩን አስነሳለሁ፣ ሪሞቱን አጠፋለሁ፣ ሞተሩ ይጠፋል። በቃ።»

ሞተሩ ተነሣ። መጀመሪያ እንደ ትንኝ አፏጨ፣ ቀጥሎ ነጭ ጋዙ እሳት ሲይዝ «ቡፍ!» አለ፣ ከዚያ ድምፁ እየቀጠነና እየጨመረ ሄዶ የጎረቤቱን ውሻ አልጋ ስር አስገባው። ሐኪሙ ፊቱ በደስታ አበራ። ጉልበቱን ትንሽ ከፍ አደረገና፣ የሚስቱን ዓይን እያየ፣ ሪሞቱን ጠቅ አድርጎ አጠፋ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ማፏጨቱን ቀጠለ።

ሐኪሙ ክው አለ። ሪሞቱን መልሶ ሲያበራው ስክሪኑ ቀስ ብሎ ተነሣና ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ መጀመሪያ የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ ዝቅ አድርግ፣ እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አድርግ ይላል። በቀን ስምንት ሰው አፍ ውስጥ የማይንቀጠቀጡት ጣቶቹ አሁን አንዱን ቁልፍ ሲሹ ሌላውን ይነካሉ። ገመዱ ተወጥሯል። ሚስቱ አንድ ነገር ትጮኻለች፤ አይሰማም።

በዚህ መሐል አማቱ ከቤት ወጡ። አልሮጡም። ጄቱን አዩ፣ የጄቱን አፍ አዩ፣ አንገታቸው ላይ የነበረውን ሻርፕ ፈትተው ለልጃቸው ሰጧት። ከፊትም ከኋላም ሳይሆን ከጎን ጠጋ ብለው በጣታቸው ጠየቁ፦ መዝጊያው የቱ ነው? ሐኪሙ ከአብራሪው መስኮት ኋላ ያለችውን ቀይ የነዳጅ መዝጊያ ጠቆመ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው በሁለት ጣት ጠመዘዟት። ሞተሩ አንዴ ሳል አለውና «ፉ...ው» ብሎ ጠፋ። ከዚያ ራሱን ለማቀዝቀዝ ቀስ እያለ በባትሪ መሽከርከር ጀመረ።

ሐኪሙ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ሻይ ላፍላ?» አለች ሚስቱ፣ ሌላ የምትለው ቢጠፋት።

«አፍዪ» አሉ እናቷ። ወደ አማቻቸው ዞሩ። «ዶክተር፣ ሠራተኛህን ቃል ሲቋረጥበት ምን እንዲያደርግ ነገርከው?»

«እንዲጠፋ ነግሬው ነበር፣ እማማ።»

«አልሰማህም። ና እስቲ አሳየኝ።»

የምግቡ ጠረጴዛ ላይ ሪሞቱን፣ መቀበያውንና የሞተሯን ኮምፒውተር ዘርግተው ተቀመጡ። ጄቱ ነዳጁ ተዘግቶ ሁለት ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ተጋድሟል። ሐኪሙ አስረዳ፦ ሪሞቱ ያዝዛል፤ ጄቱ ውስጥ ያለው መቀበያ ትእዛዙን ይሰማል፤ ሰምቶ ለሞተሯ ኮምፒውተር ይነግራል፤ ኮምፒውተሩ የነዳጁን ፓምፕ ይነዳል። እሳቸው በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ መስመሩን እየተከተሉ ሰሙ። አላቋረጡትም። ሐኪሙም ስድስት ዓመት ሙሉ ከእሳቸው ጋር ይህን ያህል አውርቶ እንደማያውቅ የገባው ዘግይቶ ነው።

«ሊፍት ላይ» አሉ በመጨረሻ፣ «ፍሬኑን የሚይዘው ኤሌክትሪክ ይመስላቸዋል ሰዎች። አይደለም። የሚይዘው ስፕሪንግ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚሠራው ፍሬኑን ከፍቶ መያዝ ነው። መብራት ሲጠፋ ከፍቶ የሚይዘው ስለሌለ ፍሬኑ በራሱ ነክሶ ያስቆማል። ለማቆም የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ያንተው ግን ሰው ሲጠፋበት የመጨረሻውን ቃል ይዞ የሚነጉድ ነው። እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ‹ያዝ› ብለኸዋል።»

«እኔ? እኔ አላልኩም! ይኸው፣ ስክሪኑ ላይ የጥንቃቄ ማጥፊያው ‹በርቷል› ይላል» አለና ሪሞቱን አዞረላቸው።

አማቱ የታከመችውን ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላዋ አዩ። «ከስሩ ያለችው ትንሿ መስመርስ?»

ሐኪሙ አነበበ። «የመጨረሻውን ትእዛዝ ያዝ» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያችን ስክሪን ሲከፍት «በርቷል» የምትለዋን ቃል እያየ፣ ደስ እያለው ይዘጋት ነበር። ፊቱ ከጄቱ ቀላ።

«ምንም አይደል» አሉ አማቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ እያሉ። «እኛንም ‹ደህና ነው› የሚል ወረቀት ያለው ሊፍት ነው ሁልጊዜ የሚያስቸግረን።»

ሐኪሙ ቅንብሩን ቀየረው። አሁን መቀበያው ትእዛዝ ሲጠፋ አስቀድሞ የተነገረውን የመቆጣጠሪያ ቦታ እንዲይዝ ሆነ፤ ቦታውን ለማስተማር መቆጣጠሪያውን እስከ ታች ዝቅ አድርጎ ቁልፉን ተጫነ። «ይኸው!» አለ እጆቹን እያራገፈ።

«ይኸው አትበለኝ፤ አሳየኝ።»

ሪሞቱን አጠፋ። የኮምፒውተሩ ትንሽ ስክሪን ሦስት ፊደል አበራች፦ «ሚኒሞ»።

«ወረደ!» አለ ሐኪሙ፣ ወጥ ቤት ላለችው ሚስቱ ጮክ ብሎ።

«ወረደ እንጂ መቼ ጠፋ?» አሉ አማቱ። «ሚኒሞ ማለት መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ አይደል? ይህ ነገር ወድቆ ደረቅ ሳር ውስጥ ቢጋደም፣ ፓምፑ ቀስ እያለ ነዳጅ ማፍሰሱን አይተውም። ማን ሊያጠፋው ነው? ሪሞቱ እንደሆነ ሞቷል።»

ሐኪሙ ሪሞቱን ገለበጠ፣ አገላበጠ። ጎኑ ላይ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ ወደ ላይ ስትሆን ሞተሩ በሚኒሞ ይሠራል፣ ወደ ታች ስትሆን ይጠፋል። ቦታውን ሲያስተምር ወደ ላይ ነበረች። ወደ ታች ጣላትና እንደገና አስተማረው። ሪሞቱን አጠፋ። ስክሪኗ ላይ «ዝጋ» የሚል መጣ።

«ድገመው» አሉ።

ደገመው። «ዝጋ»።

«ድገመው።»

አስር ጊዜ አስደገሙት። ሰባተኛው ላይ ሐኪሙ ሳቁ መጣ፤ ስምንተኛው ላይ እሳቸውም። ከዚያ የመቀበያውን ባትሪ ንቀል አሉት፤ ነቀለ፤ «ዝጋ»። ወደ ሞተሯ ኮምፒውተር የሚሄደውን ሽቦ ንቀል አሉት፤ ነቀለ፤ ኮምፒውተሩ ምልክት ጠፋብኝ ብሎ በራሱ ዘጋ። ሚስቱ ሻዩን ይዛ ስትመጣ ሁለቱ ራስ ለራስ ገጥመው አንዲት ሽቦ ላይ ተጎንብሰው ነበር፤ ሲኒ የምታስቀምጥበት ቦታ አልተዉላትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጄቱን እንደገና ግቢ አወጡት። ሞተሩ ተነሣ፣ ሐኪሙ ሪሞቱን አጠፋ። አንድ፣ ሁለት... «ፉ...ው»። ሐኪሙ ሁለት እጁን ሽቅብ ወርውሮ አማቱን እቅፍ አደረጋቸው፤ እንዳቀፋቸው ሲያውቅ ደነገጠና ለቀቃቸው።

«ደህና» አሉ አማቱ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ። «ነገ ከቁርስ በፊት ደግሞ እንሞክራለን።»

ቅዳሜ ሜዳው ገና በጠዋቱ ሞልቷል። ሳሩ ታጭዷል፣ ሕዝቡ ከአጥሩ ወዲያ ቆሟል፣ ሕፃናት የአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ወጥተዋል። የትርኢቱ ጌጥ የሆነው ሦስት ሜትር የሚረዝም የብር ቀለም ጄት መሐል ላይ ያንጸባርቃል። ባለቤቱ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ወርቃማ ጥልፍ ያለው የአብራሪ ባርኔጣ አድርጎ ስለሚመጣ ሁሉም «ካፒቴን» ይለዋል። ደግ ሰው ነው፤ ሲያወራ ግን አየሩን ሁሉ ለብቻው ነው የሚተነፍሰው።

ሹፌሩ ቅጹን ይዞ ቀዩን ጄት ፈተሸ። ጄቱን በገመድ የሚይዘው የብረት ችንካር በደንብ መቀበሩን አየ፣ ሰው አራቀ፣ ሞተሩ ሲነሣ «አጥፋ» አለ። ሐኪሙ ሪሞቱን አጠፋ፤ ሞተሩ ሁለት ሴኮንድ ሳይሞላ ጠፋ። ሹፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ «ጎበዝ» አለና ፈረመ።

አማቱ ከሐኪሙ ጎን የሚታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ወደ ብሩ ጄት ሄደ።

«ይህስ መቼ ተፈተሸ?» ብለው ሹፌሩን ጠየቁት።

ሹፌሩ ቅጾቹን አገላበጠ። «አዲስ በሆነ ጊዜ፣ እትዬ። የዛሬ አራት ዓመት።»

ካፒቴኑ ሰማና ሳቀ። «እናቴ፣ ይቺን እኮ አራት ዓመት ሙሉ አብርሬያታለሁ! አንድ ቀን አላሳፈረችኝም።»

«በአራት ዓመት ውስጥ ሪሞቱ ዝም ያለባት ጊዜ አለ?»

«በፍጹም!»

«እንግዲያው ዝም ሲልባት ምን እንደምታደርግ አያውቁም ማለት ነው» አሉ አማቱ፣ ሻይ ውስጥ ስንት ስኳር ይጨመር እንደሚል ሰው በለዘበ ድምፅ።

ሹፌሩ ደግሞ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ «ከዚያ ወዲህ የተቀየረ ዕቃ አለ?» አለው።

«ኧረ ምንም የለም። መቀበያዋን ብቻ ነው ባለፈው ወር የቀየርኳት።»

ሐኪሙና አማቱ ተያዩ። ሹፌሩም እርሳሱን አወጣ።

ብሩን ጄት በገመድ ከችንካሩ ጋር አሰሩት። ሞተሩ ተነሣ፤ ትልቅ ነበርና የሳሩን ብናኝ ሠላሳ ሜትር ወደ ኋላ ጠረገው። ካፒቴኑ ኩራቱን ለማሳየት ጉልበቱን እስከ ግማሽ ከፍ አደረገ፣ ለሕዝቡ እጅ ነሳ፣ ሪሞቱን አጠፋ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

የብሩ ጄት እንዳገሣ ቀረ። ካፒቴኑ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። አምስተኛው ሴኮንድ ላይ ደግሞ ጉድ ፈላ፦ ችንካሩ ማዘንበል ጀመረ። ጠዋት ውሃ ተርከፍክፎበት የነበረው አፈር ለስልሷል፤ ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ብረቱ እንደ ተነቃነቀ ጥርስ ይወዛወዛል። የጄቱ አፍንጫ ደግሞ ቀጥ ብሎ ያየው አጥሩን ነው።

ሐኪሙ ሲንቀሳቀስ ራሱን አላወቀውም። የአንገቱን መታወቂያ ከነማንጠልጠያው በጥሶ ጣለ፣ ዞሮ ከጎን ገባ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፣ የነዳጁን መዝጊያ በጣቱ ፈልጎ አገኘና ጠመዘዘ። ጩኸቱ ወዲያው ተሰበረ። ሹፌሩ በበኩሉ ከነሙሉ ክብደቱ ገመዱ ላይ ተቀምጦ ተገኘ፤ አርባ ዓመት አውቶቡስ ሲያቆም የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በመቀመጫው ያቆማል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት ሞቅ አድርጎ አጨበጨበ።

ካፒቴኑ ባርኔጣውን አውልቆ ላቡን ጠረገበት። አጥሩን አየ፤ ትከሻ ላይ የተቀመጡትን ሕፃናት አየ። ከዚያ በቀጥታ ወደ አማቱ መጥቶ ቁጢጥ አለ። «እናቴ፣ ልቤ ከቦታው የለም። እባክዎን እንዴት እንደሚስተካከል ያሳዩኝ።»

«እኔ ጄት የት አውቄ» አሉ። «የማውቀው መጠየቅ ነው። ጄቱን የሚያውቀው አማቼ ነው፤ እጁም አይቸኩልም። እሱን ጠይቅ።»

የሐኪሙ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ቀና ብሎ ሊያያቸው ፈልጎ አፈረና ሪሞቱን ተቀበለ። አዲሱ መቀበያ ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር፤ «የመጨረሻውን ትእዛዝ ያዝ» ይላል። ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ማጥፊያዋን ወደ ታች አድርገው አስተማሩት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ደጋግመው ሞከሩት፣ ችንካሩን ደረቅ መሬት ላይ እንደ አዲስ ቀበሩት፣ አስነሥተው አጠፉት። በሁለት ሴኮንድ ጭጭ። ካፒቴኑ «ልድገመው?» አለ ሳይጠየቅ፣ ራሱም አምስት ጊዜ ደገመው።

ከዚያ የቀዩ ጄት ተራ ደረሰ። ሐኪሙ መንደርደሪያው ላይ አቆመውና ሞተሩን አስነሣ። ሁለት ዓመት የለፋበት ነገር ሳሩ ጫፍ ላይ ብድግ አለና ዘንበል ብሎ ዞረ፤ ፀሐይ ሆዱን ስትመታው እንደ ፍም በራ። ሐኪሙ ዝቅ አድርጎ፣ ሰፋ አድርጎ፣ እንደ ሽማግሌ በጥንቃቄ አንድ ዙር አበረረው።

ከኋላው አንድ ድምፅ ሜዳውን አናጋው።

«ከፍ አድርገው እንጂ! ምን ትፈራለህ? ተፈትሿል እኮ!»

እትዬ ገመድ ነበሩ። ወንበራቸውን ትተው ቆመው፣ የታመመችውን ዓይናቸውን በአንድ እጅ ከልለው፣ በሌላው እጅ ሰማዩን እየጠቆሙ። ሐኪሙ ሳቀና ጉልበቱን እስከ ጫፍ ሰጠው። ቀዩ ጄት ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ተገለበጠ፤ እያፏጨ ተወርውሮ ሲመለስ ሕዝቡ አንድ ላይ ጮኸ። ሲያርፍ ጎማው ሁለቴ ነጠር አለ እንጂ ቀለሙ አልተላጠም። ሹፌሩ ሰው እንዳያየው ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ፤ አቧራ ነው አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ክበቡ ተሰብስቦ ወሰነ፦ ጄት ሁሉ በየወቅቱ መጀመሪያና ዕቃ በተቀየረለት ቁጥር እንደገና ይፈተሽ። ካፒቴኑ ነው ሐሳቡን ያቀረበው፤ ሃያ ደቂቃ ተናገረ፤ ማንም አላቋረጠውም። ስድስት ጄቶች ቀርበው ከመካከላቸው አንዱ ፍተሻውን ወደቀ። ሹፌሩ ብቻዬን አልችለውም ብሎ ሐኪሙ ቤት ድረስ መጣና አማቱን ረዳት እንዲሆኑት ለመናቸው። እሳቸውም ጥላ ያለው ወንበር ከተሰጣቸውና ማንም ሰው «አራት ዓመት በርሯል» ብሎ ካልተከራከራቸው እሺ አሉ።

ወሩ አለቀ፣ ዓይናቸውም ዳነ፤ መሄጃቸውን ግን ያነሣ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አማችና አማት ማልደው ተነሥተው፣ መኪናው ላይ ጄቱን፣ የእሳት ማጥፊያውን፣ ነጭ ጋዙንና ወንበሩን ጭነው፣ መንገድ ላይ ስለ አንዲት ሽቦ እየተጨቃጨቁ ይሄዳሉ። ሚስትየዋ በሩን ከኋላቸው ትዘጋና ባዶውን ቤት ታዳምጣለች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ትዘረጋለች።